ዘግይተው የወደቁት ሁለት ፍሬዎች

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ጎረቤቴ ከቆጥ ላይ የተጣለ አሮጌ የላምባ ምድጃ አውርዳ በረንዳዋ ላይ ለኮሰችው። እኔ ከሥራ ተመልሼ ጉልበቴን እያሸሁ ደረጃው ላይ አረፍ ብዬ ነበር። ሽታው መጣ። ላምባ ገና ሲቀጣጠል የሚያወጣው ያ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ድካሜ እንዳለ ሆኖ ዕድሜዬ ወደ አሥራ ስድስት ዓመት ወረደ፤ ሰቆጣ ነኝ፣ ከትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት፣ ከፊቴ የውኃ ብርጭቆ አለ፣ እጄ ላይ እስክሪብቶ። ጎረቤቴ «ምነው እትዬ ጥሩዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ደክሞኝ ነው» አልኳት። ሁልጊዜ የምለው ነው፤ ውሸትም አይደለም።

ያን ጊዜ ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት እኔ ጭንቅላት ውስጥ አይበረክትም። የሚበረክተው ሌላ ሌላው ነው። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት ደብተር ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ሻይ ሃያ አምስት፣ ከነአምባሻው ሃምሳ። ሴት ተማሪ ሁሉ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር የምታደርገው፤ ፀሐይ ሲመታው እየለሰለሰ፣ ዳገቱን ስንወጣ እግራችን ውስጡ እየተንሸራተተ እንደ እንቁራሪት ይጮህ ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ብቻ ነበር የሚሰማው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ወንድ ይሆናል፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሩ ላይ ቆም ብለን «ዛሬስ ወንድ ሆናለች ወይስ ገና ናት?» እያልን እንስቅ ነበር። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል አሉ። ይቁም። እኔን እንደሆነ ደረጃ መውጣት ሰልችቶኛል።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዳዊትና ድርሳን በብራና ላይ እየገለበጡ ለየደብሩ ይሰጣሉ፤ ከደሃናም ከዝቋላም ካህናት በቅሎ ጭነው እየመጡ ያሠሯቸዋል። እኔ ብራናውን እንድነካ አይፈቀድልኝም ነበር፤ ግን ከጎናቸው ቁጭ ብዬ የመቃ ብዕራቸው በሄደበት እየሄድኩ በጣቴ አመድ ላይ እጽፋለሁ። አባቴ አንድ መጽሐፍ ሲገለብጡ ከየቦታው ያገኙትን ቅጂ ሁሉ ደርድረው ያስተያዩ ነበር። ብዙዎቹ አንድ ቃል ብለው አንዱ ወይም ሁለቱ ሌላ ካሉ፣ አባቴ ብዙም አያመነቱም፤ ብዙዎቹን ይከተላሉ። «እነዚህን የጻፋቸው ሰውዬ እንቅልፍ ይዞት ነበር» ይላሉ። ሥራ ማለት ይኼ ነበር ቤታችን፤ የተሳሳተውን ማቃናት፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ገጽ ማስረከብ። ስርዝ ያለበት ገጽ የወጣ ቀን አባቴ ምሳ አይበሉም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ቤት አድጌ፣ አሥረኛ ክፍል ስደርስ አንድ ድርሰቴ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተነበበ። ስለ ኮንጎ ጫማ ነበር የጻፍኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፣ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅለው ልጅ ሳይቀር ገመዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔም በዚያች ደቂቃ ጸሐፊ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመኝ ጠፋ። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የያዝኩት የግል ደብተር እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ቃለ አጋኖው ብቻ ቢቆጠር አንድ ገጽ ይሞላል።

ቲቸር ደሳለው የፊዚክስ መምህራችን ነበሩ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ፣ የኮቱ ክርን በሌላ ቀለም ጨርቅ የተጣፈ። የደሃና ቄስ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምረው፣ አባታቸው ሲታመሙባቸው አቋርጠው ወደ አገራቸው የመጡ ሰው ነበሩ። የዚያች ጠዋት ሰልፉ ሲበተን ጠሩኝ።

«ያ የጫማው ጽሑፍ ያንቺ ነው?»

«አዎ ቲቸር።»

«አባትሽ አይደሉም የጻፉልሽ?»

«አባቴ እንዲህ አይቀልዱም።»

ሳቁ። «በይ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ቤት ነይ። ዓይን ያለው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ጸሐፊ ቸግሮኛል።»

ዕቃ ቤቱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ የላምባ ምድጃ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ቴርሞሜትርና ከሞተ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተፈታ ማግኔት ነበር። ቲቸር ከኮታቸው ኪስ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። ውስጡ ምስር የሚያካክሉ ሰባት ጥቁር ፍሬዎች ነበሩ። ከሰል የመሰሉ፣ ግን ሲያገላብጧቸው ብልጭ የሚሉ። ክሮምየም ቴሉራይድ ይባላል አሉኝ። ሁለት ዱቄት ነው፤ ክሮምየምና ቴሉሪየም። አየሩ ከወጣለት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ይታሸግና ምድጃ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ይጋገራል። እሳቸው እየተማሩ ሳለ በእጃቸው የሠሩት ነው። «ቴሉሪየም የነካ ሰው ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል» አሉኝ። «ያከራዩኝ ሴትዮ 'ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ቀንስ፣ ሚስት አታገኝም' ብለው መክረውኛል። ይኸው እንደፈሩት አላገኘሁም።»

ፍሬዎቹን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩና ማግኔቱን ከውጭ በኩል አስጠጉት። ሰባቱም እየተሯሯጡ ሄደው የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ልጥፍ አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ምድጃውን ለኮሱ። ውኃው ሞቀ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ፍሬ ማግኔቱ እዚያው እያለ ለቀቀና ወደ ታች ሰመጠ። እኔ ጮህኩ።

«ምን ሆነ ቲቸር? ሞተ?»

«ደከመው እንጂ አልሞተም። ማኅሌት ላይ ደብተራዎቹ ሲያሸበሽቡ አይተሻል? ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ አንድ ላይ ወደ ግራ። እዚህ ፍሬ ውስጥ ያሉት ጥቃቅኖቹም እንዲያ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ፊት ሲዞሩ ማግኔት ይስባቸዋል። ሙቀት ሲበዛ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል፤ ማኅሌቱ ይበተናል። ውኃው ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰባሉ።»

«ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚበተኑት?»

«እሱን ነው አንቺ የምትጽፊልኝ» አሉኝ። «የምታይውን ብቻ፣ የምታይውን ሁሉ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው «ድንጋይ ቀቃዮች» አለን። እናቴ ደግሞ ከሁሉ ትብስ ነበር። «መምህርሽን ጨው ጣል አድርጉበት በያቸው» ትላለች። «አብስሎ አብስሎ ወጥ ካልወጣው ምን ይሠራል?»

ለምን እንደሚሠራ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ቲቸር ነግረውኛል። የድሮ አስተማሪያቸው ደብዳቤ ልከውላቸዋል። ፍሬዎቹ ስንት ዲግሪ ላይ ጉልበታቸውን እንደሚለቁ በጥንቃቄ ተመዝግቦ፣ ከፍሬዎቹ ጋር እስከ ግንቦት መጨረሻ ከደረሰ፣ ያቋረጡትን ትምህርት ከመስከረም ጀምሮ ይቀጥላሉ። ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይኼን ሲነግሩኝ ኮታቸውን እያራገፉ ነበር፤ አቧራ የሌለበትን ቦታ።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከደሃና ሰው መጣ። አባታቸው ጠንቶባቸዋል። ቲቸር ብልቃጡንና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ። «አሥራ ሁለት ቀን ብቻ፤ በቀን አንድ ጊዜ። ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። በዚያ ዕድሜ የማልችለው ነገር እንዳለ ማን ነግሮኝ! የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ቁልፍ ያዥ ሆንኩ!! ሳይንስ በእኔ እጅ ነው! ጥሩዬ ሆይ፣ ጽሑፍሽ አዲስ አበባ ሊነበብ ነው! ፊደሌን ከአባባ ፊደል ማን ይለየዋል? ማንም!»

አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ላምባ ለኮስኩ። ለሰባቱም ስም አወጣሁላቸው። የመጀመሪያው ቀን አምስቱ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ አካባቢ ተከታትለው ወደቁ። ሁለቱ ግን አልወደቁም። ጠበቅኩ። ውኃው እየጋለ ሄደ፣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ እነሱ ግድግዳው ላይ ሙጭጭ። በመጨረሻ እጅግ ዘግይተው ወደቁ። ዓይኔ ነው ያጠፋው ብዬ በማግስቱ ደገምኩት። እንደገና አምስት ወደቁ፣ ሁለት ቀሩ። ሁለቱን ለይቼ በሳሙና አጠብኳቸው። ያው። ማግኔቱን ገለበጥኩት። ያው። «እልኸኞቹ» አልኳቸው። ስድስተኛው ቀን ላይ ተናድጄ በጣቴ ገፋኋቸው፤ ዞረው ተመልሰው ተለጠፉ። ያየሁትን ሁሉ በረቂቅ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። እሱ ላይ ሐቀኛ ነበርኩ። ግን ያ ረቂቅ ሲያዩት ያስጠላል፤ አምስት ቁጥር ይጠጋጋና ሁለቱ ሄደው ሌላ አገር ይቆማሉ፤ በየቀኑ፣ ገጹ ሁሉ።

አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ንጹሑን ግልባጭ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መስመር አሰመርኩ፣ በቀይ ርዕስ ጻፍኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ እንደ አባቴ አደረግኩ። አምስቱ አንድ ነገር እያሉ ሁለቱ ሌላ ካሉ፣ ሁለቱ ላይ አንድ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ የጻፈው ሰው ተሳስቷል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። አቃናኋቸው። ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አንድ ተኩል፣ ሃምሳ ሁለት። ማጭበርበር መስሎ አልታየኝም፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ለቲቸር ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነበር። ገጹ ሲያልቅ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ እንደዚያ ያለ የሚያምር ገጽ ከዚያ በኋላም ጽፌ አላውቅም። ረቂቁን የዚያኑ ዕለት ማታ ለእናቴ ምድጃ መለኮሻ አደረግኩት።

ቲቸር አባታቸውን ቀብረው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በማግስቱ በኮረም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ። ገጹን አዩት። «አቤት!» አሉ ቀስ ብለው። «አቤት እጅ!» ፈርመው፣ ፍሬዎቹን በጥጥ ጠቅልለው፣ አንድ ላይ አሽገው ላኩት። ረቂቁን አልጠየቁኝም። ሐዘን ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ደግሞም አምነውኛል።

መልሱ የመጣው ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ እየወረደ ሳለ ነው። አስጠሩኝ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለራሳቸው አነበቡትና ወደ አማርኛ እየመለሱ እንደገና አነበቡልኝ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩበት ነበር። ፍሬዎቹን እኛም አሞቅናቸው ይላል። ከሰባቱ ሁለቱ ዘግይተው ነው የሚለቁት። አንድ ቱቦ ውስጥ አብሮ የተጋገረው ነገር ሲቀዘቅዝ ሁለት ዓይነት ሆኗል ማለት ነው፤ አንደኛው ክሮምየም የበዛበት፣ ሌላኛው ያነሰበት፤ እኛም ስንፈልገው የነበረው ይህንኑ ነው። በላክህልን መዝገብ ላይ ግን የለም። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ያላየ ሰው፣ ወይም አይቶ የደበቀ ሰው፣ ለዚህ ሥራ አይሆነንም።

ዝናቡ ይዘንባል። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩዬ፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር እንዴ?»

አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር አልኩ። አባቴ ታዩኝ፣ ሰልፉ ታየኝ፣ የጻፍኩት ገጽ ታየኝ።

«አብረው ነው የወደቁት ቲቸር» አልኩ።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወረቀት አወጡና ወደ እኔ ገፉት። «እጄ ዛሬ አይታዘዘኝም፤ ጻፊልኝ» አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ጻፍኩ። ሥራውን የሠራሁት እኔ ብቻዬን ነኝ። ከእኔ ሌላ ሰው የለበትም። የአባቴ ሕመም ሐሳቤን ከፋፍሎት ሳላስተውል ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። «እኔ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ በሚያምር ፊደል፤ ሦስቱም ጊዜ እሳቸው ነበሩ። ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት በኋላ ራሳቸው ናቸው። እንዲያው እኔን ለማጻፍ ብቻ ይሆን በአማርኛ ያስጀመሩት? ዕድሜ ልኬን አስቤበት አልደረስኩበትም። መስከረም ሲጠባ እዚያው ሰቆጣ፣ በዚያው ቡናማ ኮት፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ስለ ርዝመትና ስለ ክብደት ማስተማር ጀመሩ። በኋላ ወደ አበርገሌ ተዛወሩ ሲባል ሰማሁ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ወልድያ ወረድኩ፣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፣ ወለድኩ፣ ወፈርኩ። ስንት ሺህ ሰው የጻፈውን መዝገብ አገላብጫለሁ። ስርዝ ድልዙን ሳይ ደስ ይለኛል፤ አለቆቼ ግን ይቆጡኛል። ጽሑፍ ያልኩትን ያን የልጅነት ነገር ለረጅም ዘመን አልነካሁትም፤ የደከመኝ ይመስለኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው።

ሞባይል ሰቆጣ በገባበት ሰሞን ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ጉብታውን ይወጣ ነበር፤ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ማክሰኞ ገበያ ደርሶ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል ሳልፍ ቲቸርን አየኋቸው። ሽበት ውጧቸዋል። ወደ ደሃናዋ አምደወርቅ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ሻይ ይጠጣሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ጥሩዬ ነኝ ቲቸር። ድንጋይ ቀቃይዋ።»

«ውይ! አንቺ ወፍራም!» ብለው ሳቁና ቦታ ለቀቁልኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ አባቴ ነፍስ ይማር አሉ። ሚስት አግኝተዋል፤ «ነጭ ሽንኩርት የማትወድ ናት» አሉኝ። ረዳቱ «አምደወርቅ! አምደወርቅ!» እያለ ይጮኻል። ሰው ይገባል፣ ዶሮ ይገባል። ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ።

«ቲቸር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሁለቱ አብረው አልወደቁም። እኔ ነኝ ያቃናኋቸው።»

ብርጭቆው አፋቸው ዘንድ ቆመ። ስድብ ጠበቅኩ፤ ከስድብ ይልቅ የፈራሁት «ግድ የለም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ እንዳያደርጉኝ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ እኔ ተጠጉ። ዓይናቸው ብቻ ተለወጠ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያ የዕቃ ቤቱ ሰው ተቀመጠ።

«ስንት ላይ ወደቁ?»

«ምን?»

«ሁለቱ። ስንት ዲግሪ ላይ?»

ያ ረቂቅ ከነደደ ስንት ዘመኑ! ግን ጊዜ አልወሰደብኝም። «ስልሳ አራት» አልኩ። «አንድ ቀን ስልሳ ሦስት። አንድ ቀን ደግሞ ስልሳ አራት ተኩል።»

«ስልሳ አራት» አሉ። «ስልሳ አራት።» ደብዳቤው ቁጥሩን አልጻፈላቸውም ነበር፤ «ዘግይተው» ብቻ ነበር ያለው። ጣታቸውን የፈሰሰው ሻይ ውስጥ ነክረው ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ አጠፉት፣ እንደገና ጻፉ። «እኔ በስሌት ስልሳ ሰባት ብዬ ነበር» አሉ። «ይኸን ሁሉ ዓመት ስልሳ ሰባት እያልኩ...»

ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው፤ «አባት፣ እርስዎን ብቻ ነው የምንጠብቀው!» ተሰናብተውኝ እንኳ አልሄዱም። ወጡ፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ተንቀሳቀሰ። እኔ የተረሳች ዕቃ መስዬ ቆምኩ። ይቅር አላሉኝም፤ እኔም ይቅር በሉኝ አላልኩም። ያኔ መስኮቱ ተከፍቶ ራሳቸው ብቅ አለ፣ ዶሮዋም አብራ።

«ጥሩዬ! ውኃው ሲበርድስ? ተመልሰው የተለጠፉት ስንት ላይ ነበር?»

ከአውቶቡሱ ጎን ጎን ሮጥኩ፤ ነጠላዬ ወድቆ፣ ገበያተኛው እየሳቀብኝ። አስታውሳለሁ ብዬ አሰብኩ። አላስታውስም። እንዲያውም ጠብቄ አላውቅም፤ ደወል ሳይደወል ክፍል ልገባ ስቸኩል ውኃው ሳይበርድ ነበር የምወጣው። ሃምሳ ምናምን ብል ደስ ይላቸዋል። ምላሴ ላይ መጥቶልኛል፣ ደግሞም የሚመስል ቁጥር ነው።

«አላየሁም!» አልኩ። «አላየሁም ቲቸር!»

«እንግዲያው ባዶ ተዪው!» አሉኝ፤ አውቶቡሱም ከገበያው ወጥቶ ወደ ደሃና መንገድ ታጠፈ።